ደረጃው አለቀ፣ ደምስ

አለቀ! ደምስዬ፣ ደረጃው አለቀ! ከደጃችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ድንጋይ በድንጋይ ሆኗል። የመጨረሻዋ ትናንት ከሰዓት በኋላ ተቀመጠች፤ ጋሽ ቶሎሳ በመዶሻቸው እጀታ ኳ ኳ አድርገው አዳመጧትና «ይሄስ ሁላችንንም ይቀብረናል» አሉኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ተንደርድሬ ወረድኩበት፣ መልሼ ወጣሁት፣ እንደገና ወረድኩበት። የመጨረሻዋን እንዳልረግጣት ሲጮኹብኝ ዘለልኳት። ሲሚንቶው እንዲጠነክር ውሃ ሲጠጣ የዋለ ደረጃ ነው፤ ታች ደርሼ ጫማዬን ገልብጬ አየሁት። ንጹሕ! ጭቃ የሚባል የለበትም ስልህ!

እንግዲህ ሰላምታ ሳልሰጥህ ወሬውን ዘረገፍኩት፤ መቼስ ዘኒን ታውቃታለህ፣ ሆዷ ውስጥ ወሬ አያድርም። አሁን በወጉ ልጀምር። የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ ልልህ ብዬ እጄ ቆመብኝ። አንተ ያለህበት እንዴት እንደሚሰነበት አላውቅም። ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ምንም አልቀረው። እኛ ደህና ነን። የሙት ዓመት ተዝካርህን አወጣን፤ ልጅህ ሰብለ ከነባሏ መጥታ ሰነበተች። አሁንም እንዳንተ ሻይዋን ስኳር በስኳር ታደርገዋለች፣ አሁንም እቆጣታለሁ። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ቀዳዳ ተደፈነ። ጓሮ ያለው ኮክ ዘንድሮ አፈራ፤ ወፎቹ ከእኛ ቀድመው በሉት እንጂ። ያንተ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። እኔ አልከለከልኩም፣ እንዲያው ዝም ብሎ ሰው አይቀመጥበትም።

ስለ ደረጃው ልመለስ። የእኛን ቁልቁለት ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው? ቀይ አፈር ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ሳሙና። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ ሌላ መንገድ የጠፋው ይመስል በእኛ በር ነው የሚያልፈው። ታክሲ አስፋልቱ ላይ ያወርደናል፤ ከዚያ ወዲያ በእግዚአብሔርና በጉልበታችን ነው። ከእኛ በላይ ያሉት ጎረቤታችን እማማ ብርቄ አንድ ክረምት ወድቀው ዳሌያቸውን ከተመቱ ወዲህ ኪዳነ ምሕረትን ከደጃቸው ሆነው ነበር የሚሳለሙት። አንተ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ «ይሄን መንገድ ደረጃ ሳላደርገው አልሞትም» ስትል ኖርክ። ሰዉም ይስቅብህ ነበር።

ሞትክ። ያውም በነሐሴ። የቀብርህ ቀን ሰማዩ አላባራ ብሎ አስከሬንህን የያዙት ሰዎች ገና ከበር ከመውጣታቸው እግራቸው ይሸሽ ጀመር። ያቺ መታጠፊያው ጋ ያለች ቦታ ላይ ሲደርሱ አንድ ወገኑ ተንሸራተተ። ጋሽ ቶሎሳ ከፊት ነበሩ፤ ሳጥኑ መሬት እንዳይነካ ብለው በጉልበታቸው ድንጋይ ላይ ወደቁ፣ ትከሻቸውን ግን ዝቅ አላደረጉም። እኔ ከኋላ ሆኜ ምን ብዬ እንደጮህኩ ታውቃለህ? «ቀስ በሉ! ያመዋል!» ነው ያልኩት። ያመዋል! ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ያዙኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር፣ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ደረቅም ቢሆን እግሬ ይከዳኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የሰፈራችን ቴሌግራም ላይ ስለማወጣው፣ አንተን የማያውቅ ሰው እንዳይቸገር ትንሽ ላስረዳ። ባለቤቴ ደምሰው ታች አስፋልቱ ዳር ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። ቤታችን ያለውን ኮምፒውተር ሰው ከጣላቸው ዕቃዎች ነው የገጣጠመው፤ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ከባድ ነገር አይሸከምም። ስለዚህ የሚሠራውን ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ቀላል ፕሮግራም ጫነበት። ሥዕል የለው፣ በማውስ የሚነካ ነገር የለው፤ ጥቁር መስኮት ብቻ ነው። ትእዛዙን በፊደል ትጽፍለታለህ፣ እሱም በጽሑፍ ይመልስልሃል። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ግድ የለውም።

መጀመሪያ ሳየው የተበላሸ መስሎኝ «ስክሪኑ ሞተ እንዴ?» ብዬህ እንባህ እስኪመጣ ሳቅክብኝ። ከዚያ ደግሞ አስቀምጠህ አስረዳኸኝ። ይህን ፕሮግራም የጻፉት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው አልከኝ፤ ሁሉም ባለበት አገር ሆኖ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያርማል፣ ውስጡ ለማንም ክፍት ነው፣ የፈለገ ሰው በነጻ ወስዶ እንደሚመቸው ይለውጠዋል። «ታዲያ የማን ነው?» ብልህ «የማንም፤ የሁሉም» አልክ። «ደቦ ነው በለኛ!» አልኩህ። እንዴት ደስ እንዳለህ! «እሷን ቃል ነው ስፈልግ የኖርኩት» ብለህ ግንባሬን ሳምከኝ።

ክፍት ነው ስላልክም ለእኔ እንዲመቸኝ ትእዛዞቹን ወደ አማርኛ መለስክልኝ። ሥራ ሲመጣ «ጨምር»፣ የቀረውን ለማየት «አሳይ»፣ ሥራው ሲጠናቀቅ «አለቀ»። «አለቀ» ሲባል ደግሞ ፕሮግራሙ «እሰይ! ቀጥሎስ?» ብሎ እንዲመልስ አደረግከው። የራስህ ንግግር ነዋ! ሰብልዬ ፈተና አልፋ ስትመጣም፣ እኔ ስንት ለፍቼ ዶሮ ወጥ ሳቀርብም «እሰይ! ቀጥሎስ?» ነበር የምትለን። ስንቴ ተናድጄብሃለሁ።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። እጅህ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ኮምፒውተሩን አልጋው አጠገብ አስጠጋንና እኔ ጸሐፊህ ሆንኩ። አንተ ትነግረኛለህ፣ እኔ በሁለት ጣቴ ፊደል እያደንኩ እጽፋለሁ። «ዘኒ፣ ዶሮ እንኳ ካንቺ ፈጥና ትለቅማለች» ትለኝ ነበር። ጨምር፣ የእማማ ብርቄን ሬዲዮ ማሠራት። ጨምር፣ ለሰብለ የቤት ቁልፍ ማስቀረጽ። እኔ በሆዴ፣ ሰውዬው ሊሄድ እየተነሳ ሥራ ይጨምራል እያልኩ፣ ፊቴን ወደ ስክሪኑ አዙሬ እንባዬን እውጥ ነበር። አንድ ቀን «እስቲ አሳይ በዪው፣ ከላይ ያለው ማነው?» አልከኝ። መቼም የቆየውንና ያስቸኮለውን ነው ከላይ የሚያደርገው። «ደረጃ ይላል» አልኩህ። ሳቅክ፣ ከሳቁ ሳል መጣብህ፣ ሳሉ ሲያልፍልህ «በዚህ ጭቃ ታንሸራትቱኛላችሁ» አልክ። ክፉ አታውራ ብዬ ተቆጣሁህ። ትንፋሽ አጥሮህ እንኳ ቀልድ አላጠረህም ነበር።

ከሄድክ በኋላ ለወራት አልከፈትኩትም። በነጠላ ሸፍኜው ነበር። ሰብለ «እማዬ፣ በስልክ የሚሠራ ስንት የሚያምር ነገር አለ፣ ልጫንልሽ» ትለኛለች። ስልኬ ላይ የአባትሽ እጅ የለበትም አልኳት፤ እሷም ከዚያ ወዲህ አልጨቀጨቀችኝም። ኋላ ፋሲካ አልፎ ቤቱ ጭር ሲል ድፍረት አገኘሁና ነጠላውን አነሳሁት። እንደ ልማዱ አጓራ። ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ፣ ያቺ ብልጭ ድርግም የምትለው ምልክት ጠበቀችኝ። «አሳይ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም እንደነበሩ አሉ። አንተ እንደተናገርካቸው፣ እኔ እንደጻፍኳቸው፣ ከነፊደል ግድፈቴ።

አንድ በአንድ ጀመርኳቸው። የእማማ ብርቄን ሬዲዮ አሠርቼ ወሰድኩላቸው፤ ደረታቸው ላይ አድርገውት አለቀሱ። ቁልፉን አስቀረጽኩ። «አለቀ» ባልኩ ቁጥር «እሰይ! ቀጥሎስ?» ይለኛል። ታዲያ ደምስ፣ ያንን መልስ ለማግኘት ብቻ ብዬ ሥራ እየፈጠርኩ የጻፍኩበት ጊዜ ነበር። ቤት መጥረግ፣ አለቀ። ሽንኩርት መግዛት፣ አለቀ። እሰይ! ቀጥሎስ? እሰይ! ቀጥሎስ? እንዲህ ቁጭ ብዬ ካንተ ጋር ሳወራ እውል ነበር፣ በቃ።

በመጨረሻ ካንተዎቹ የቀረው አንድ ሆነ። ደረጃ። ለምን ዓመት ከዓመት ሳይነካ እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው፤ አንዲት ቃል ሆኖ ስለተቀመጠ ነው። አንዲት ቃል በየት በኩል ተይዛ ትነሳለች? አንተ ራስህ ለደንበኞችህ «ትልቅ ሥራ የሚባል የለም፣ የተከመረ ትንሽ ሥራ ነው ያለው» ትል አልነበር? ለራስህ ሲሆን ግን ተውከው። እኔ ቆራረስኩት። ጨምር፣ ወረዳ ሄዶ ማስፈቀድ። ጨምር፣ ጋሽ ቶሎሳን ማነጋገር። ጨምር፣ የጎረቤታችንን የነየሺን የፈረሰ አጥር ድንጋይ መለመን። ጨምር፣ አሸዋ። ፕሮግራሙ፣ ይሄ ሳያልቅ ያኛው አይጀመርም ካልከው፣ ተራው ያልደረሰውን ይሸሽግልሃል፤ ዛሬ የሚሠራውን ብቻ ነው የሚያሳይህ። እሰየው! ሁሉንም ባንድ ጊዜ ቢደረድርብኝ ኖሮ ነጠላዬን ጥዬ እሸሽ ነበር።

ጋሽ ቶሎሳ ግንበኛ መሆናቸውን ታውቃለህ። ያኔ ድንጋይ ላይ የወደቁበት ጉልበታቸው እስከ ዛሬ ያስነክሳቸዋል። እንዴት ብዬ እንደምለምናቸው ስንት ተዘጋጅቼ ሄጄ፣ ገና ሳልጨርስ «እዚያች መታጠፊያ ላይ ከእኔ በቀር ማንም ድንጋይ አያስቀምጥም» አሉኝ። ሁለታችንም ወደ መሬት አየን።

ክረምቱ ወጣና ሥራው ጥቅምት አሥራ ስምንት ይጀመራል ተባለ። እኔም ለፕሮግራሙ ኦክቶበር አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩለት። ጥቅምት ማለት ኦክቶበር አይደል? እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚሄድ፣ የእኛ ጥቅምት ሲብት የእነሱ ኦክቶበር አሥር ቀን እንደሚያልፈው ማን ያስታውሰኝ? አንተ «ቀኑንም ወደ እኛ አቆጣጠር እመልስልሻለሁ» ትለኝ ነበር። አልደረስክበትም።

አንድ ጠዋት ስከፍተው «ደረጃ መጀመር፣ ዛሬ» ይለኛል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ቀና ብዬ አላየሁም። ምን ሲደረግ! ኮምፒውተሩ ተናገረ ማለት ለእኔ አንተ ተናገርክ ማለት ነበር። በር ለበር ዞርኩ፤ «ዛሬ ነው! ውጡ! ምን ትጠብቃላችሁ?» ሰዉም ግራ እንደገባው ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ፣ ሴቶቹም ንፍሮ ጣዱ። ድንጋይ ገና አልመጣ፣ አሸዋ የለ፣ ግንበኛ የለ። ጋሽ ቶሎሳ ጋ ስደውል «አንቺ ሴትዮ፣ አሥራ ስምንት አላልሽኝም እንዴ? ዛሬ እኮ ስምንት ነው! እኔ ሱሉልታ ነኝ!» ብለው ጮኹብኝ። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበር፣ ሁሉም ሰማ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔ እማማ ብርቄ ከደጃፋቸው ሆነው፣ ያን ቀጭን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ደምሰው በሕይወቱ ለቀጠሮ ቀድሞ አያውቅም፤ ከሞተ በኋላ ነው እንዴ የቸኮለው?» አይሉም! አቤት የዚያን ቀን ሳቅ። አካፋውን ተደግፎ የሚስቅ፣ መሬት የተቀመጠ። እኔም ሳቅኩ፣ ደምስ። ካንተ ወዲህ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰው ከወጣ አይቀር ተባለና ዳር ዳሩን ቦይ ተቆፈረ። በሳምንቱ ያ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ዱብ አለ፤ ውሃው በመንገዱ መሄዱን ትቶ በቦዩ ወረደ። ጋሽ ቶሎሳ ቀኑ ደርሶ ሲመጡ አፈሩን ረገጥ ረገጥ አድርገው «ውሃውን አስቀድማችሁ ማራቃችሁ ደግ አደረጋችሁ፤ እኔም ይህንኑ ላዝዝ ነበር» አሉ። እማማ ብርቄ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያ አልተሳሳተም ልጄ» ብለው ለአንተ ፈረዱልህ።

ያን የሳቅ ቀን ሰዉ ተበትኖ ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ነገር ጠበቀኝ። ጥቁሩ መስኮት ፊት ቁጭ አልኩ። ማሽኑ አልዋሸኝም፣ የነገርኩትን ነው የነገረኝ። አንተ ብትሆን ኖሮ ግን «ዘኒ፣ ዛሬ እኮ ስምንት ነው፣ ምን ነካሽ?» ትለኝ ነበር። እሱ አላለኝም። ጥቅምትን አያውቀውም። መስቀል ማለፉን አያውቅም። «እሰይ!» ሲለኝም ማን መሆኔን አያውቅም። ለካ እስከዚያች ቀን ድረስ እዚያ ውስጥ አስቀምጬህ ነበር፤ ለካ ገና አልቀበርኩህም። በነሐሴ ካለቀስኩት የዚያን ቀኑ በለጠ። በነሐሴስ ሰው ነበረኝ፤ የሚደግፈኝ፣ አይዞሽ የሚለኝ። ያን ቀን ኮምፒውተሩ ሲያጓራ፣ እኔ ሳለቅስ፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ሲወጣልኝ ተነሳሁና ቀኑን አስተካከልኩት። ካላንደሩን ከግድግዳ አውርጄ አጠገቤ አደረግኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከሱ ጋር ሳላስተያይ ቀን ጽፌ አላውቅም።

ሥራውን ምኑን ልንገርህ? አንዱ ድንጋይ አመጣ፣ አንዱ አሸዋ አስጫነ፣ ምንም የሌለው ጉልበቱን ሰጠ። ያ ስለ ፕሮግራምህ የነገርከኝ ነገር በዓይኔ ሥር ሲደረግ አየሁት፤ አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው መጥቶ ጠመም ብሏል ብሎ ያቃናል፣ ማንም የኔ ነው አይልም። እዚያች ሳጥንህ የተንሸራተተባት መታጠፊያ ላይ ጋሽ ቶሎሳ ብቻቸውን ሠሩ። ሰፊ ማረፊያ አደረጓት። ለምን እንዲህ ሰፋች ብላቸው «ተሸክሞ የሚወርድ ሰው ቆሞ ትንፋሽ ይውሰድባት» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። እማማ ብርቄ ከላይ ሆነው «ሰማሁህ ቶሎሳ! የኔን ሳጥን እያሰብክ ነው! እኔ ግን መጀመሪያ በእግሬ ነው የምወርደው!» አሉ።

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቼ «አለቀ» ልል ጣቴን ዘረጋሁና ተውኩት። «ደረጃ» አሁንም ከላይ ተቀምጧል። ካንተ አፍ ወጥቶ የቀረኝ እሱ ነው። እሱን አለቀ ካልኩት፣ ከዚያ «አሳይ» ስለው ባዶውን ነው የሚያሳየኝ። ባዶውን ፈራሁት፣ ደምስ። እንዲያ እጄን እንደዘረጋሁ እማማ ብርቄ ከውጭ ተጣሩ። ወጣሁ። ከላይ ሆነው ቁልቁል እያዩት ነው፣ እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር፤ «ታዲያ መደገፊያ ብረቱስ? እኔ ምን ይዤ ልውረድ?» አሉኝ። አየህ? እሰይ እንኳ ሳይሉኝ ወደ ቀጥሎስ ሄዱ! ሮጬ ገባሁና ጻፍኩ። ጨምር፣ መደገፊያ ብረት። ጨምር፣ ማረፊያዋ ላይ መብራት። ካንተዋ ሥር የኔዎቹ ተደረደሩ። እንግዲህ ባዶ አይሆንም።

ክረምት ሲገባ፣ ውሃው በቦዩ ሲያጉረመርም፣ እዚያች ማረፊያ ላይ ቆሜ ስምህን እጠራለሁ። ጃንጥላ ባልይዝም፣ እግሬ ባይከዳኝም እቆማለሁ። ይህን ብቻ ፕሮግራሙ ውስጥ አልጨምረውም፤ አንድ ቀን አለቀ የሚባል ሥራ አይደለምና።

በሉ እንግዲህ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሳጥኑን የተሸከማችሁ፣ ቦይ የቆፈራችሁ፣ ንፍሮ የጣዳችሁ፣ በደምሰው የሳቃችሁም ሳይቀር፣ ማንም እንዳይቀር። ብረቱ ባይደርስ እማማ ብርቄ ትከሻዬን ይዘው ይወርዳሉ፣ ኪዳነ ምሕረትን በእግራቸው ሄደው ይሳለማሉ። ሲመለሱ ኮምፒውተሩን ደጅ አወጣዋለሁ፤ ኤክስቴንሽኑን የሺ ታመጣለች። በእናንተ ፊት «አለቀ» ብዬ እጽፋለሁ። ያኔ ማሽኑ ብቻውን እንዳይመልስልኝ፣ ሁላችሁም ጮክ ብላችሁ «እሰይ! ቀጥሎስ?» በሉልኝ። ካላንደሩን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ደግሞም በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የካቲት አሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ።